ከግሉኮሱ በፊት የነርሷ ቃል ይሰማ!

ሞት በተቃረበ ሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ ብዙ ጥያቄ ይነሳል፤ የውኃን ያህል ቤተሰብን የሚያስጨንቅ ግን የለም። መብላት ያቆመ፣ አሁን ደግሞ ጉንጭ ውኃ መዋጥ የተሳነው ሰው በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠው ወይስ ይቅርበት? አስታማሚው «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ብሎ ይለምናል። ሐኪሙ የጠዋት ዙሩን ጨርሶ ሄዷል። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው ፈረቃዋን ሙሉ በዋርዱ በምትቆየው ነርስ ላይ ነው። ክንዱን ደጋግማ ወግታ ደም ሥር የምትፈልገው እሷ ናት። እግሩ ሲያብጥ፣ ትንፋሹ ሲከብድ ቀድማ የምታየውም እሷ ናት። ውሳኔው ሲወሰን ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቃት የለም።

ይህ መታረም አለበት። በመጨረሻዎቹ ቀናት በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት እንደ ማንኛውም ሕክምና ጥቅሙና ጉዳቱ ተመዝኖ የሚታዘዝ እንጂ ቤተሰብን ለማረጋጋት የሚሰቀል አይደለም። ውኃ በአፍ መስጠትና አፍን ማርጠብ ደግሞ ማንም ሊከለክለው የማይገባ መሠረታዊ እንክብካቤ ነው። የመጀመሪያው እንደ ግዴታ፣ ሁለተኛው እንደ ትርፍ ሥራ የሚታይበት ልማድ መገልበጥ ይኖርበታል። ይህን ልማድ ለመገልበጥ ከሁሉ በፊት መሰማት ያለባቸውም ነርሶች ናቸው።

ነርሶች በዚህ ጉዳይ መናገር የጀመሩት ዛሬ አይደለም። የዘመናዊው የሆስፒስ (ሞት ለተቃረባቸው ሰዎች የሚሰጥ) እንክብካቤ መነሻ የሆነውን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የከፈቱት ሲስሊ ሳንደርስ ሐኪም ከመሆናቸው በፊት በነርስነት የሠለጠኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ጆይስ ዘርዌክ የተባሉ አሜሪካዊት ነርስ በነርሶች መጽሔት ላይ ለዘመኑ ድፍረት የሚጠይቅ ጥያቄ አነሱ። ሊሞት በተቃረበ ሰው ላይ የሰውነት ፈሳሽ መቀነሱ ሁልጊዜ ስቃይ ነውን? መልሳቸው ከአልጋ አጠገብ የተገኘ ነበር። ሽንት ሲቀንስ የደከመውን ሰው በየሰዓቱ ማገላበጥም ሆነ ካቴተር ማስገባት ይቀንሳል። የሆድ ፈሳሽ ሲያንስ ትውከት ይታገሳል። በሳንባና በጉሮሮ የሚጠራቀመው አክታ ሲያንስ ሳሉና መታፈኑ ይቀልላል። እብጠት ሲጎድል እብጠቱ የሚያመጣው ሕመምም አብሮ ይጎድላል።

ምልከታቸው ከሰውነት አሠራር ጋር ይስማማል። ልብና ኩላሊት ሲደክሙ፣ ፈሳሽን በደም ሥር ውስጥ ይዞ የሚያቆየው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ሲያንስ፣ በመርፌ የገባው ውኃ ደም ውስጥ አይቆይም። ወደ እግር፣ ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ይሾልካል። መፍሰሻው በተደፈነ ማሳ ላይ ውኃ እንደ መልቀቅ ነው፤ ያረሰርሳል እንጂ አያለማም። አስታማሚን የሚያስጨንቀው የአፍ ድርቀት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሕመምተኛው አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ደረቅ ኦክስጅን ይሰጠዋል፣ ሞርፊንና ሌሎች መድኃኒቶች ምራቁን ያደርቁበታል፣ አንዳንዴም አፉ ውስጥ ፈንገስ ይወጣበታል። በክንድ የሚገባ ፈሳሽ ከእነዚህ አንዱንም አያነሳም።

ጥናቱም ከዚህ ብዙ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ የነበሩ 32 ሕመምተኞችን ተከታትሎ ነበር። ከእነዚህ 20ዎቹ ረሃብ ጨርሶ አልተሰማቸውም። ጥምን በተመለከተም 20ዎቹ ወይ አልተጠሙም፣ ወይ የተጠሙት መጀመሪያ አካባቢ ብቻ ነበር። የተራቡትንና የተጠሙትን ያሳረፋቸው ትንሽ ምግብ፣ ጉንጭ መጠጥ፣ የበረዶ ስባሪና ከንፈር ማለስለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በጃፓን 226 የሆድ ዕቃ ካንሰር ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ በቀን 1 ሊትርና ከዚያ በላይ ፈሳሽ በተሰጣቸው ሰዎች ላይ የድርቀት ምልክት ቢቀንስም እብጠቱና በሆድና በሳንባ ዙሪያ የሚጠራቀመው ውኃ እንደ ባሰ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሂውስተን ውጤቱ የታወቀው ጥናት የበለጠ ጥብቅ ነበር። 129 የሆስፒስ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በቀን 1 ሊትር፣ ግማሾቹ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ተሰጣቸው፤ ማን የቱን እንዳገኘ ሕመምተኞቹም ተመራማሪዎቹም እንዳያውቁ ተደርጎ ነበር። በድካም፣ በቅዠት፣ በኑሮ ጥራትም ሆነ በቀሪ ዕድሜ ጥናቱ ሊቆጠር የሚችል ልዩነት አላገኘም።

አስታማሚ በጥቅሉ ግሉኮስ የሚለው ከረጢት ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅም ይጠቅማል። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር ይይዛል፤ የሚሰጠው ጉልበት ከ200 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም። ለአንድ ሰው የቀን ምግብ ሊሆን ቀርቶ አንድ ቁርስም አይሞላም። አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን ደግሞ 9 ግራም ጨው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲወስድ ይመክራል። ስለዚህ «ቢያንስ አይጎዳውም» ተብሎ የሚሰቀለው ከረጢት ኩላሊቱ ሥራ ላቆመ ሰው ቀላል ሸክም አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ፈሳሽ ከቶ አይጠቅምም ማለት አይደለም። የተደረጉት ጥናቶች ጥቂት ናቸው፣ የተሳታፊዎቹ ቁጥርም አነስተኛ ነው፤ አብዛኞቹ የካንሰር ሕመምተኞችን ብቻ ያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የወጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያም በመጨረሻዎቹ ቀናት በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ ዕድሜ እንደሚያራዝም፣ አለመስጠቱም ሞትን እንደሚያፋጥን እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል በግልጽ ያስቀምጣል። ፈሳሽ የሚገባበት ጊዜ አለ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ያደረቀው ሰው፣ በደሙ ያለው ካልሲየም ከፍ ብሎ ያስተኛው ሰው፣ ነቅቶ ጠማኝ እያለ መዋጥ ያልቻለ ሰው ሊረዳበት ይችላል። ሞርፊን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በመሆኑ ኩላሊት ሲደክም ተረፈ ምርቱ ተጠራቅሞ ሕመምተኛውን ሊያቃዠውና ጡንቻውን ሊያንዘረዝረው ይችላል። እንዲህ ሲሆን የመድኃኒቱን መጠን ከመከለስ ጋር ጥቂት ፈሳሽ መሞከር ተገቢ ነው። ደም ሥር ለጠፋበት ሰውም ፈሳሹን ከቆዳ ሥር በቀጭን መርፌ ቀስ ብሎ መስጠት ይቻላል፤ ይህ ሠልጥና ለመጣች ነርስ በሕመምተኛው ቤትም የሚሠራ ነው።

ቁም ነገሩ እንግዲህ ሙከራው ሙከራ መሆኑ ነው። ለምን እንደ ተጀመረ ይጻፋል፣ ምን ሲሆን እንደሚቆም አስቀድሞ ለቤተሰቡ ይነገራል። የእንግሊዙ መመሪያ ፈሳሽ የተጀመረለት ሰው ቢያንስ በየ12 ሰዓቱ እንዲታይ ያዛል። በየ12 ሰዓቱ የምታየው ማን ናት? ያው ነርሷ ናት። ያየችውን የምትጽፍበት ቦታ፣ ጽፋም የሚሰማት ሐኪም ከሌለ መመሪያው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

መመሪያ ወረቀት ሆኖ ሲቀር ምን እንደሚመጣ እንግሊዝ በራሷ ላይ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሊቨርፑል ከተማ አንድ ሆስፒታልና አንድ ሆስፒስ ተባብረው የሊቨርፑል የእንክብካቤ መንገድ የተባለ ሥርዓት ዘረጉ። ዓላማው መልካም ነበር፤ በሆስፒስ ያለው ረጋ ያለ እንክብካቤ በተጨናነቀ የሆስፒታል ዋርድ ለሚሞት ሰውም እንዲደርስ ነው። ሥርዓቱ በአገሪቱ ሲስፋፋ ግን በሠለጠነ ዓይን መታየት የነበረበት ነገር ምልክት የሚደረግበት ቅጽ ሆነ። ሆስፒታሎች ሥርዓቱን ሥራ ላይ ላዋሉበት የገንዘብ ማበረታቻ ይከፈላቸው ጀመር። ቤተሰቦች ወላጆቻችን ውኃ ተከለከሉ፣ ከንፈራቸውን ልናረጥብ ስንል ተቆጡን እያሉ አቤቱታ አሰሙ። በባሮነስ ጁሊያ ኑበርገር የተመራው ገለልተኛ ቡድን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ባወጣው ዘገባ ሥርዓቱ በትክክል በተሠራበት ቦታ ሰዎች በሰላም መሞታቸውን መስክሮ፣ በተበላሸበት ቦታ የደረሰው በደል ግን ሊታለፍ እንደማይችል ገልጾ እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ። መጠጣት እየቻለና እየፈለገ ያለን ሰው በአፉ እንዲጠጣ አለመርዳትም የሞያ ጥፋት ሆኖ እንዲቆጠር ጠየቀ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። አንደኛው በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽንና በአፍ የሚሰጥ ውኃን አንድ አድርጎ ማየት ከባድ ስህተት መሆኑ ነው። የእንግሊዝ የሕክምና ሥነ ምግባር መመሪያ የመጀመሪያውን ሕክምና፣ ሁለተኛውን መሠረታዊ እንክብካቤ ብሎ ይለያቸዋል። ሕክምና ሊቋረጥ ይችላል፤ መሠረታዊ እንክብካቤ አይቋረጥም። ሁለተኛው ትምህርት ያለ ነርሷ አስተያየት፣ ያለ ቤተሰቡ ዕውቀት የሚሠራ ትክክለኛ ሕክምና እንኳ በደል መስሎ እንደሚታይ፣ ብዙ ጊዜም በደል ሆኖ እንደሚያርፍ ነው። በዚያ አገር ቅጹን ያወጡት ሌሎች ነበሩ፤ የቤተሰብ ቁጣ ያረፈው ግን አልጋው አጠገብ በቆሙት ነርሶች ላይ ነው።

ነርሶችም በዚህ ጉዳይ ሁሉም አንድ ቃል እንዳላቸው አድርገን አናቀርብም። በድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ፈሳሽ ሰውን ከሞት ሲመልስ በየቀኑ ታያለች፤ ከረጢቱን ማውረድ ሕመምተኛውን መተው ቢመስላት አይፈረድባትም። በሆስፒስ የምትሠራዋ ደግሞ ያው ከረጢት እግር ሲያሳብጥ፣ በጣር ሰዓት ጉሮሮ ላይ የሚሰማውን ድምፅ ሲያባብስ አይታለች። የሁለቱ ልዩነት ከሥራ ቦታቸው የመጣ ነው፤ የሚፈታውም በሥልጠናና በውይይት ነው። በጃፓን በመላ አገሪቱ ያሉ ነርሶች ስለዚሁ ጉዳይ በተጠየቁበት ጥናት ውስጥ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ ውሳኔው የሚወሰንበት መንገድ በራሳቸው ላይ የሚያሳድረው ጭንቀት ነበር። ይህ ጥያቄ በእኛም አገር ሊጠየቅ የሚገባው ነው። የማታምንበትን ትዕዛዝ በተጎሳቆለ ክንድ ላይ በየፈረቃው እንድትፈጽም የምትገደድ ባለሞያ ውሎ አድሮ ወይ ልቧ ይደነድናል፣ ወይ ሥራውን ትለቃለች።

የቤተሰብን ልመና ማጣጣልም አይገባም። በሂውስተኑ ጥናት ከተሳተፉት ጋር በተደረገው ቃለ ምልልስ ቤተሰቦች ፈሳሹ ተስፋና ምቾት እንደ ሆነላቸው ተናግረዋል። በኢትዮጵያም ስሜቱ ይኸው ነው። ሕመምተኛን በባዶ ማስተኛት ነውር ነው፤ ጎረቤትም «ምን አደረጋችሁለት?» ብሎ ይጠይቃል። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የሚደውለው ልጅ ካለበት ሆኖ ማድረግ የሚችለው ገንዘብ ልኮ «ግሉኮስ አድርጉለት» ማለት ብቻ ነው። ይህ ፍቅር ነው፤ ፍቅሩ ግን የሚሠራው ሥራ ማግኘት አለበት። ነርሷ አስታማሚውን ቁጭ አድርጋ በአባትየው ሰውነት ላይ ምን እየሆነ እንዳለ ብታስረዳው፣ ጥጥና ንጹሕ ውኃ በእጁ ሰጥታ እንዴት አፉን እንደሚያረጥብ ብታሳየው፣ ከረጢት ከመሰቀሉ የበለጠ የሚያሳርፍ ሥራ ይሆንለታል።

ለዚህ የሚሆን መሠረት በባህላችንም በሃይማኖታችንም አለ። በኦርቶዶክስ ቤት በጣር ላይ ላለ ሰው ጠበል በከንፈሩ ጠብ ይደረግለታል። በእስልምናም በጣር ላይ ያለ ሰው ከንፈሩና አፉ በውኃ እንዲርስለት ይመከራል። ሁለቱም ወገን ከጥንት ጀምሮ የሚያደርገው ነገር ዛሬ የሠለጠነች ነርስ ከምትለው ጋር አይጋጭም። አፉ ይርጠብ፣ ትንሽ ትንሽ ይሁን፣ ትን እንዳይለው ራሱ ቀና ይበል። የሃይማኖት አባቶችም ይህን ቢያስተምሩ ግሉኮስ አልተሰቀለለትም ተብሎ ቤተሰብ የሚሸከመው ጸጸት በእጅጉ ይቀልል ነበር።

በተቋም ደረጃም ከባዶ አንነሳም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነርሷ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ናቸው፤ ነርሶቹም በአዲስ አበባ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ ሄደው ይንከባከባሉ። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። ይሁን እንጂ ክፍተቱ ሰፊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ በዓለም ላይ ማስታገሻ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ያላገኙት በብዛት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። ሆስፒስ ባልደረሰበት ቦታ ለሚሞተው ሰው ያለው አንድ ባለሞያ የጤና ጣቢያው ነርስ ነው። ስለዚህ የምንለው በትላልቅ ሆስፒታሎች ግቢ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም።

ተቃውሞ እንደሚነሳ እናውቃለን። አንደኛው ሰው ሊሞት መሆኑን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ውሳኔው አንዴ ተወስኖ የሚዘጋ ሳይሆን በየፈረቃው እንደገና የሚታይ መሆን ያለበት። ሁለተኛው ነርስ ልታዝዝ አይገባም የሚል ነው። ነርሷ ትዘዝ አላልንም። ያለ እሷ ምልከታ አይታዘዝ ነው ያልነው። ሦስተኛው ለአፍ እንክብካቤ ጊዜ የለም፣ ነርሶች ጥቂት ናቸው የሚል ነው። ደም ሥር ፍለጋ፣ ካኑላ መቀየርና ያበጠ ክንድ መጠገን የሚወስደው ሰዓት ከዚያው ጊዜ ላይ የሚነሳ መሆኑ ይዘነጋል። አፍ ማርጠብን ደግሞ አስታማሚ ሠልጥኖ ሊሠራው ይችላል፤ መርፌ መውጋትን ግን አይችልም።

ስለዚህ ከሚመለከታቸው ሁሉ የምንጠብቀው ግልጽ ነው። ጤና ሚኒስቴር የማስታገሻ ሕክምና መመሪያውን ሲከልስ በአፍ የሚሰጥ ውኃንና በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽን ለያይቶ ያስቀምጥ፤ ሲከልስም በአልጋ አጠገብ የሚሠሩ ነርሶችን በጠረጴዛው ዙሪያ ያስቀምጥ። ሆስፒታሎች የአፍ እንክብካቤን እንደ መድኃኒት ሁሉ በትዕዛዝ ካርድ ላይ በሰዓት ያስጽፉ፤ የተሠራበት ሰዓትና የሠራው ሰው ይፈረምበት። ጥጥ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና የከንፈር ማለስለሻ ከዋርዱ መጋዘን አይጥፋ። ሐኪሞች ፈሳሽ ሲያዝዙ ምክንያቱንና የሚከለስበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ሳያዝዙ ሲቀሩም ምክንያቱን ለቤተሰብ በራሳቸው አፍ ይንገሩ፤ ይህን ንግግር ለነርሷ ትተው አይሂዱ። የነርስ ትምህርት ቤቶች ሰውን ማዳንን እንደሚያስተምሩ ሁሉ የማይድንን ሰው መንከባከብንም በተግባር ያስተምሩ። ቤተሰብም ከረጢት ከመለመኑ በፊት «ለእሱ ምን ይጠቅመዋል? እኔስ ምን ልሥራ?» ብሎ ይጠይቅ።

ለሚሞት ሰው የሚገባው ክብር በተሰቀለለት ፈሳሽ ሊትር አይለካም። ማን አየው፣ ማን አፉን አረጠበለት፣ ያየውስ ሰው ተሰማ ወይ በሚለው ይለካል። በዚህ መለኪያ ሆስፒታሎቻችን ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ቀዳሚው እርምጃ ውድ መሣሪያም አዲስ ሕንፃም አይጠይቅም። ነርሷን መጠየቅ፣ ያለችውን መጻፍ፣ በተጻፈው መወሰን ነው። ይህን የማያደርግ ተቋም የሕይወት መጨረሻ እንክብካቤ እሰጣለሁ ሊል አይገባም!